እሁድ እሁድ የምትሞተው መኪናዬ

እሁድ ከሰዓት ነው... አቃቂ፣ ሐዲዱን ልንሻገር ትንሽ ሲቀረን መኪናዬ ድርግም አለች። መብራት የለ፣ ክላክስ የለ፣ ምንም የለ። ውስጧ ደግሞ ሦስት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል... ሚስት ሊለምኑልኝ የሚሄዱ!

ዘመኑ ባቡሩ ገና ከለገሃር ተነስቶ በአቃቂ በኩል ድሬዳዋ ይወርድ የነበረበት ነው። የልጅቷ አባት አቶ ፍሬው የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ናቸው። ሰዓት ላይ ቀልድ አያውቁም። ያለፈው እሁድ በዚችው መኪና ምክንያት አርፍደን ስንደርስ ዩኒፎርማቸውን ለብሰው ሽማግሌዎቹን በር ላይ መለሷቸው።

«ባቡሩ እናንተን አይጠብቅም፤ ወደ ሥራዬ ነኝ» አሉ። «የዛሬ ሳምንት ስምንት ሰዓት ኑ። ያን ቀንም ካረፈዳችሁ ሌላ ቤት ፈልጉ።»

ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የሚባል አላውቅም። ልጅቷን እወዳታለሁ፤ በመኪና ምክንያት ላጣት ነው እንዴ?

መኪናዋን ሳታውቋት አትቀሩም። ሞተሯ ከኋላ፣ ባትሪዋ ከኋላ ወንበር ሥር የሆነችው ድቡልቡሏ። ኤሌትሪሺያኑ ሦስት ሳምንት ሙሉ ታግሏታል። ፊውዝ ቀየረ፣ ገመድ ቀየረ፣ ሞተሪኖውን ፈትቶ ገጠመ። ሰኞ ብቻውን ለገሃር ድረስ ነድቶ ይመለስና «ምንም የላትም!» ይለኛል። እውነቱን ነው፤ እስከ ቅዳሜ ምንም የላትም። እሁድ ጠዋት እናቴንና አጎቴን ቤተክርስቲያን ላድርስ ስል ግን መንገድ ላይ ጸጥ!

የንስሐ አባታችን አባ ወልዴ ይስቁብኛል። «በሰንበት አልሠራም አለች... ከአንተ ትሻላለች» ይላሉ።

ወደዚያ እሁድ ልመለስ። ከቃሊቲ ስንነሳ አባ ወልዴ ጋቢና ተቀመጡ፤ መቼም ቄስ ባለበት ሌላ ሰው ጋቢና አይታሰብም። ከኋላ በግራ ጡረተኛው ጎረቤታችን ጋሽ ደምሴ፣ በቀኝ አጎቴ ጋሽ ተሰማ። ጋሽ ተሰማ ወፍጮ ቤት አላቸው። ኩንታል ብቻቸውን ያነሳሉ፤ ራሳቸውም ከኩንታል አያንሱም።

ገና መንገድ ከመጀመራችን ሞተች። ጋሽ ተሰማ ወርደው ብቻቸውን ገፏት፣ ተነሳች። ገቡ። ትንሽ እንደሄድን እንደገና ሞተች። በዚህ መሀል የተቃጠለ ፀጉር የሚመስል ሽታ አፍንጫችንን መታን።

ጋሽ ደምሴ አፍንጫቸውን ይዘው «ተሰማ፣ ምንድን ነው የበላኸው?» አሉ።

አባ ወልዴ የአጎቴን ላብ አይተው አዘኑላቸው። «ተሰማ፣ ና ጋቢና ግባ፣ ትንሽ አየር ውሰድ» አሏቸው።

«ኧረ አባ! እርስዎ ከኋላ ተቀምጠው እኔ ጋቢና? ሰው ምን ይለኛል!»

«በሞቴ ግባ!»

«እኔ ልሙት አልገባም!»

እኔ መሪውን ይዤ ሰዓቴን አያለሁ... ለስምንት ሩብ ጉዳይ ነው። በመጨረሻ አባ ስላዘዟቸው ገቡ። እሷም እንደ አዲስ መኪና ትበር ጀመር! አንድም ጊዜ ሳትንተፋተፍ አቃቂ ደረስን። «ጸሎት ሠራ» አሉ ጋሽ ደምሴ።

ሰፈሩ ሲታይ ግን ጋሽ ተሰማ ክንዴን ያዙኝ። «አቁም፣ አቁም! አባ ከኋላ ሆነው የሰው ደጅ አንደርስም። ነውር ነው።» ወረዱና ተቀያየሩ፤ አባ ወደ ጋቢና፣ እሳቸው ወደ ቀኝ ኋላ።

ሐዲዱ ጋ ስንደርስ ድርግም።

ያን ጊዜ ነው የበራልኝ። እሁድ እሁድ እኮ ከኋላ የምጭነው ጋሽ ተሰማን ነው! ጥፋቱ የሰንበት አይደለም... የወንበሩ ነው! ሁሉንም አስወርጄ የኋላውን ወንበር ብድግ ሳደርግ የወንበሩ የሥር ሽቦ ጠቁሯል፤ በውስጡ የታጨቀው የፈረስ ፀጉርም ጫፉ አሯል። ጋሽ ተሰማ ሲቀመጡ ሽቦው ወርዶ የባትሪውን ጫፍ ይነካል።

«እና... ከብደዋል ነው የምትለኝ?» አሉ አጎቴ።

«ኧረ ጋሼ፣ ወንበሩ አርጅቶ ነው» አልኳቸው።

መከለያ ብፈልግ ምንም የለም። ጋቢና ይግቡ እንዳልል ነውር ተብሏል። ስለዚህ የቀኝ እግሬን ሸራ ጫማ አወለቅኩና የጎማ ሶሉን ባትሪው ላይ አጋድሜ ወንበሩን መለስኩት። ጋሽ ተሰማ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ተነሳች! ነዳጁን በካልሲ እየረገጥኩ ሐዲዱን ተሻገርኩ።

ስምንት ሰዓት ከአሥር ደርሰን ሽማግሌዎቹ ገቡ። እጩ ሙሽራ ሽማግሌ የላከበት ደጅ አይታይምና እኔ መኪናው ውስጥ ዝቅ ብዬ ቀረሁ። ብዙም ሳይቆይ በሩ ተከፈተና አቶ ፍሬው ወጡ፤ ሦስቱ ከኋላቸው። አለቀልኝ አልኩ።

«ቄሱ ስለ ወንበር ነገሩኝ። ውረድና አሳየኝ» አሉኝ።

ወረድኩ። እግሬን አዩ። «ሌላው ጫማህስ?»

ወንበሩን አነሳሁላቸው። ጎንበስ ብለው ሽቦውን በጣታቸው ጫን፣ ለቀቅ አደረጉት። ጫማዬንም አገላብጠው አዩት።

«ማነው ያገኘው?»

«እኔ ነኝ። ኤሌትሪሺያኑ ብቻውን ስለሚነዳት አላገኘውም።»

አቶ ፍሬው ወንበሩን መልሰው ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «ግቡ፣ እንቀመጥ።» ሁለት እርምጃ ሄደው ደግሞ ወደ እኔ ተመለከቱ። «አንተ ግን ለቀለበቱ ስትመጣ ሁለቱንም ጫማ አድርገህ ና።»

መኪናዋን ከሸጥናት ብዙ ዓመት ሆነ... ባለቤቴ ግን ዛሬም ከቤት ስወጣ መጀመሪያ የምታየው እግሬን ነው።