ባሮ ውስጥ የታጠበችው ሞተር

ነገሩ የሆነው የጋምቤላ ክልል ከተቋቋመ ብዙም ሳይቆይ፣ በአንድ ክረምት ነው። ይኼው ስንት ዓመት አልፎት ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ይበርድልኛል ብዬ ብጠብቅ አልበረደም፤ ቢያንስ ጽፌው ይውጣልኝ።

አቦቦ አካባቢ በምትገኝ ትንሽ መንደር ጤና ረዳት ነበርኩ። ወላጆቼ ከወሎ በሰፈራ የመጡ ገበሬዎች ናቸው፤ እኔም በልጅነቴ አብሬያቸው መጣሁ። ለክሊኒካችን በባትሪ የምትነሳ አንዲት ትንሽ ሞተር ሳይክል ነበረችን።

በዚያ ሰሞን እንግዶች ይመጣሉ ተባለና የየክሊኒኩ ሞተሮች ለሰልፍ ወደ ጋምቤላ ተጠሩ። የጤና ቢሮው የንብረት ኃላፊ እንዲያብረቀርቁ አዘዘ። እኛ ዘንድ እጥበት ማለት ደግሞ ባሮ ነው። መኪናውም ሞተሩም እየተነዳ ወንዙ ውስጥ ይገባል። የኔዋንም እስከ መቀመጫዋ ውኃ ውስጥ አቁመው አሿት። በዚህ ላይ በእግር የሚረገጠውን ማስነሻ ፈትተው ለሌላ ሞተር ሰጡት። "በባትሪ እየተነሳች ምን ያደርግላታል?" አለኝ ኃላፊው። ተከራከርኩ፤ ማን ሰምቶኝ!

ከተመለስኩ በኋላ አንድ ቀን ጠዋት ኦሞድ የሚባል አኙዋ ጎረቤቴ እየሮጠ መጣ። ሚስቱ አሪየት ከማታ ጀምራ ምጥ ላይ ናት። ሄጄ ስዳስሳት ልጁ በጎኑ ተጋድሟል። ጋምቤላ ሆስፒታል ካልደረሰች ሁለቱም ያልቃሉ። ጭቃ የሚያልፍ መኪና ያለው አቦቦ ጤና ጣቢያ ነው፤ እሷን በቃሬዛ ተሸክመን በዚያ ጭቃ እዚያ ለመድረስ ቀኑ አይበቃንም።

መኪናውን ልጠራ ሞተሯ ላይ ወጥቼ ማስነሻውን ተጫንኩ። ቀጭ አለችና ዝም። ደግሜ ተጫንኩ፤ ቀጭ ብቻ።

ባትሪው ደክሞ ይሆን ብዬ መብራቷን አበራሁ፤ ቦግ አለ። ክላክሱም ይጮኻል። የባትሪውን ገመዶች ፈትቼ ፋቅኩና አጠበቅኩ፤ ያው ቀጭ። የባትሪውን ኃይል የሚያስተላልፈው ሪሌ ይሆናል ብዬ ሁለቱን ጫፎቹን በካቻቢቴ አገናኘሁ። እሳት ብልጭ አለ፤ ሞተሯን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ግን አልዞረም። ያኔ ገባኝ። የሞተው ራሱ ሞተሪኖው ነው፤ ውኃ የገባበት። ከጎጆው የአሪየት ጩኸት ይሰማኛል፤ እኔ የእግር ማስነሻዋን ያስፈታውን ኃላፊ እየተሳደብኩ ነበር።

"ዶክተር፣ እንገፋለን" አለኝ ኦሞድ። ሁለተኛ ማርሽ አስገባሁና ገፉኝ። ጎማው ጭቃው ላይ ተንሸራተተ እንጂ አልያዘም። ደጋግመን ሞከርን፤ እኔም ወደቅኩ።

በመጨረሻ የመንደሩ ወንዶች፣ አኙዋውም ሰፋሪውም፣ በሁለት ረጅም እንጨት ላይ አሰሯትና ተሸከሟት። እስከ ጠጠሩ መንገድ ድረስ ሞተር እንደ በሽተኛ ተሸክመን ሄድን! እየተፈራረቁ፣ እያዳለጣቸው፣ ላባቸው እየተንጠፈጠፈ። ጠጠሩ ላይ ስንገፋት ተነሳች። ፀሐይዋ ግን አናታችን ላይ ወጥታ ነበር።

አቦቦ ስደርስ ደግማ እንዳታስቸግረኝ ብዬ ሳላጠፋት ወረድኩ። መኪናው ወዲያው አሪየትን ሊያመጣ ሄደ። አሪየት ሆስፒታል ገብታ በኦፕራሲዮን ተረፈች። ልጁ ግን ሞቶ ወጣ። ሐኪሙ በኋላ ሳገኘው "ትንሽ ቀደም ብትሉ ኖሮ" አለኝ። ወንድ ልጅ ነበር።

በማግስቱ ሞተሯን ገፍቼ አስነስቼ ጋምቤላ ወሰድኳት። ሞተሪኖው ሲፈታ የባሮ ደለል ደርቆ ኤሌክትሪክ የሚያቀብሉትን ካርቦኖች አጣብቋቸዋል። ያንን ይዤ ኃላፊው ዘንድ ገባሁ። እሱ ግን በመስኮት ሞተሯን አየና፣

"ካጠብናት እኮ ገና ምንም አልቆየችም! ምን አድርገህ ነው እንዲህ ያጨቀየሃት?" አለኝ።

በያዝኩት ሞተሪኖ ልመታው ነበር፤ ሰዎች ያዙኝ። እሱ እዚያው ሥራው ላይ ቀጠለ። ተግሣጽ የተሰጠው ለኔ ነው።

አሪየት ከሆስፒታል ስትወጣ ኦሞድ ቤቴ መጣ። የሆነውን ሁሉ፣ ማን ምን እንዳዘዘ ሳይቀር ነገርኩት። ሰምቶኝ ሲያበቃ በሁለት እጁ እጄን ያዘ።

"ዶክተር፣ አንተ ብዙ ደከምክ። እግዚአብሔር ይስጥህ" አለኝ።

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ልጁን የቀበረ ሰው እኔን ሊያመሰግን መጣ፤ ያ ሰውዬ ግን እስከ ዛሬ ኦሞድን ይቅርታ አላለውም።