የከሰል ገመድ

ኮረብታው የእኛ ነበር፤ እነሱም የእኛ ነው ይላሉ። ከዘንገና ሐይቅ ብዙም አይርቅም። አናቱ ሜዳ ነው፤ የሁለት ቀበሌ ከብት በጋራ ይግጥበት ነበር። አንድ ክረምት የማዶው ቀበሌ ሰዎች፣ ማዶኞቹ፣ ወጥተው ዙሪያውን በድንጋይ ካብ አጠሩት፣ ጎጆ ቀለሱ፣ ዘብ አቆሙ። ሽማግሌ ላክን፤ ሽማግሌውን አዋርደው መለሱት። ካቡን ጥሳ የገባችውን የእናቴን ጥጃ ደግሞ ቋንጃዋን ቆርጠው ሰደዱልን። እየተጎተተች ደጃፋችን ድረስ መጣች። ያረድኋት እኔ ነኝ።

ማዶኞቹ ባዕድ እንዳይመስሏችሁ። አክስቴ የተዳረችው እዚያው ነው። ታቦታችንም ቋንቋችንም አንድ ነው። እንዲህ ያለ ጥላቻ ደግሞ ከሩቅ ሰው ጋር አይመጣም።

ታላቅ ወንድሜ ለሠርጉ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። እናቴ «ሠርግህ ይለፍና የፈለግኸውን ታደርጋለህ» ብላ ለመነችው። «መጀመሪያ ኮረብታው፣ ከዚያ ሙሽራዋ» አላት። ጠላው ተጠንስሷል፣ ዳሱም ሊጣል ነው፤ እሱ ግን ጥጃዋን ካየ ጀምሮ እንቅልፍ አልነበረውም።

በፊት ለፊት ወደ ኮረብታው የሚያወጣ አንድ መንገድ ብቻ አለ፤ እሱን ይጠብቁታል። ከጀርባ ገደል ነው። ገደሉን ግን ማንም አይጠብቀውም፤ ከዝንጀሮ በቀር የሚወጣው የለም ብለው ንቀውታል። ወንድሜ ልጅ ሳለ ከዚያ ገደል ማር ይቆርጥ እንደነበር ረስተዋል።

ዘጠኝ ሆነን ጨረቃ በሌለበት ሌሊት ሄድን። ጋቢያችን እንዳይጠልፈን ብለን ከገደሉ ሥር ጣልነው። ወንድሜ ከሰል ጭነን አዲስ ቅዳም ገበያ የምናደርስበትን ረጅም ገመድ ወገቡ ላይ አስሮ ወጣና ከአንድ ወይራ ግንድ አሰረልን። መጀመሪያ ሲወጣ በጆሮዬ እንዲህ ብሎኝ ነበር፦ «አንተ መጨረሻ ውጣ። ስትደርስ ገመዱን ጎትተህ ሰብስበው። መመለሻ ካየ የሚመለስ አይጠፋም።»

ከመካከላችን አንድ ጎረቤታችን ነበር። በፈረስ ጉግስ ላይ በሰው ፊት ከወደቅሁበት ቀን ጀምሮ «ጆንያው» ነበር የሚለኝ፤ ስሜን ከነጭራሹ ረስቶታል። እኔ አናቱ ላይ ስደርስ ይህ ሰው ከገመዱ አጠገብ ቁጭ ብሏል። ሌሎቹ ወደ ጎጆው ቀድመዋል።

«ገመዱን ባትነካው ይሻላል» አለኝ። ዓይኑ ከታች፣ ከገደሉ ሥር ነው።

ገጀራዬን አወጣሁና ከግንዱ ሥር ቆረጥሁት። ልስበው እችል ነበር፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ግን ታች ሲወድቅ እንዲሰማው ፈለግሁ። ወደቀ፤ ሰማው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። «ተነሥ፣ ጆንያ» አልሁት።

ዘቦቹ ሦስት ነበሩ። አንደኛውን ወንድሜ በዱላ መትቶ ጣለው። እስከዚያ ድረስ ማንም ትንፍሽ አላለም፤ ዝም ብለን እንጨርሰዋለን ተባብለን ነበርና። ነገር ግን እኛ ዘንድ ጥሎ ዝም የሚል ወንድ የለም። ወንድሜ ካቡ ላይ ዘሎ ወጣና ዘራፍ አለ። በጨለማው ውስጥ ማንም አላየውም ነበር፤ ራሱ በድምፁ የት እንደቆመ አሳየ። ከጎጆው ውስጥ አንድ ጥይት ተተኮሰ። ፉከራው መሐል ላይ ቀረ።

ተኳሹ በፊት ለፊቱ መንገድ አመለጠ። ጎጆው ውስጥ የቀሩት ሦስተኛው ዘብ፣ መሣሪያ የሌላቸው አንድ ሽማግሌ ነበሩ። በአዊኛ፣ እናቴ በምትቆጣበትም በምታባብልበትም ቋንቋ፣ «ልጄ፣ ተወኝ» አሉኝ። አልተውኋቸውም። እግራቸው እስኪሰበር መታኋቸው። ከተሰበረም በኋላ መታሁ።

ጥይቱ ያገኘው የወንድሜን ጭን ነበር። በጭን ሰው አይሞትም ብለን በቀበቶ አሰርነው። በፊት ለፊቱ መንገድ የማዶኞቹ ባትሪ ከሥር ተሰልፎ ይታያል፣ ወደ ላይ ይተኩሳሉም፤ በዚያ መውረድ አይታሰብም። በአካባቢያችን ኔትወርክ የሚገኘው እዚያ አናት ላይ ብቻ ስለሆነ አንድ ባጃጅ ያለው ወዳጃችን ጋ ደወልሁ። መንገዱ ከገደሉ ሥር ያልፋል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ መጣ። መብራቱን አብርቶ ቆመ፤ እንጅባራ ሆስፒታል ለመድረስ የሚቀረን ያ ገደል ብቻ ነበር።

«አውርዱት እንጂ» ብሎ ጮኸ። ከዚያ በመብራቱ ዙሪያውን አይቶ መሆን አለበት፣ «ገመዱ እዚህ ነው ያለው። ምን ብላችሁ ጣላችሁት?» አለ።

ሸሚዛችንን ቀጣጠልን፤ የገደሉን ሢሶ እንኳ አልደረሰም። ያለ ገመድ ያን ገደል መውረድ የሚችል ከመካከላችን አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ ጭንቅላቱን ጉልበቴ ላይ አስደግፎ ደሙ ይፈሳል። ወደ እኔ ቀና አለ።

«ሰብስበው አላልሁህም?» አለኝ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። አልተቆጣም። እንደ ልጅነታችን፣ የረሳሁትን ሥራ እንደሚያስታውሰኝ ነበር ያለው።

ሊነጋ ሲል ሞተ። ባለ ባጃጁ መብራቱን ሳያጠፋ እስከዚያ ጠበቀ። ፖሊስ ሲመጣ ሬሳውን በፊት ለፊቱ መንገድ አወረድነው። ለሠርጉ የተጠነሰሰውን ጠላ ለቀስተኛው ጠጣው።

እናቴ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፤ «ገመዱን ማን ቆረጠው?» ከእኔ በቀር የሚያውቀው ያ ጎረቤታችን ነው። አየኝ፣ ከዚያ እሷን አየ። «እነሱ ናቸው» አላት። ለምን እንዳዳነኝ አልነገረኝም። እስከ ዛሬ የምጠላው ለዚህ ነው።

ዕርቅ ሲደረግ የሽማግሌዎች ጉባኤ ጥይቱን ይቅር አለ፤ ሌሊት ማዶኞቹ ጎጆ ድረስ የሄድነው እኛ ነንና። የቆሰለ ሰው መውረጃ መከልከልን ግን ማለፍ አቃተው። እግራቸውን የሰበርኋቸው ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ተደግፈው «ገመድ አልቆረጥንም» ብለው ማሉ። ማንም አላመናቸውም። ኮረብታው ለእኛ ተፈረደ።

አሁን ዳንግላ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። ሽማግሌውን ገበያ ቀን ከጋሪ ሲወርዱ አያቸዋለሁ፤ ቀድመው ሰላም የሚሉኝ እሳቸው ናቸው። ኮረብታው ላይ ለከሰል የሚሆን ዛፍ ተክለንበታል፤ ከብት አይገባበትም። እናቴ እኔ ጋ ናት። ዓይኗ ስለደከመ የማጎርሳት እኔ ነኝ። ከመጉረሷ በፊት ሁልጊዜ «ገመዱን የቆረጠ እጁ ይቆረጥ» ትላለች፤ ሰው አሜን ካላላት ደግሞ አትበላም።

ጉርሻውን እንደያዝሁ አሜን እላለሁ።