የኦልሜኮች የሸክላ ሕፃንና ዝም ያለው ሆዴ

ቅዳሜ ጠዋት አሜሪካ ከምንኖርበት ከኮሎምቢያ ሃይትስ የወጣነው ለልጄ ለሂባ የትምህርት ቤት ሥራ ነው። ሙዚየም ሄዳ አንድ ጥንታዊ ዕቃ መርጣ ትርጉሙን መጻፍ አለባት። እኔ ግን ልቤ ሌላ ቦታ ነበር። እርጉዝ ነኝ፤ ስድስት ወር አልፎኛል። ሌሊቱን ሲራገጥ ያደረው ልጅ ከነጋ ጸጥ ብሏል።

ክሊኒክ ልደውል ስልኬን አነሳሁና ተውኩት። “አይንቀሳቀስም” ብዬ በአፌ ባወጣው ያሟረትኩበት መሰለኝ። ባለቤቴ ጀማል ሥራ ገብቷል። ከደሴ መጥተው ዛሬ አብረውን የወጡት እናቱ እማማ ዘይነባ ደግሞ ቤታችን ውስጥ ክፉ አያስወሩም። ለሚወለደው ካልሲ ልግዛ ስል እንኳ “ቆይ፣ መጀመሪያ በሰላም ይምጣ” ይሉኛል።

አውቶቡስ ውስጥ

ውጭው በረዶ ነው፣ ውስጡ ሙቀት። ጣፋጭ ነገር ያነቃዋል ሲባል ሰምቼ ቴምር በላይ በላዩ ጎረስኩ። ምንም የለም!

“ምነው ፊትሽ አመድ መሰለ?” አሉኝ እማማ።

“ብርዱ ነው” አልኩ። ላብ እያጠመቀኝ ብርድ እላለሁ፣ እኔ ጉደኛዋ!

ሙዚየሙ

መግቢያው በነፃ ነው። ሂባ የመረጠችው ከሦስት ሺህ ዓመት በፊት ሜክሲኮ ውስጥ ይኖሩ የነበሩት ኦልሜኮች የሠሩትን የሸክላ ሕፃን ነው። ነጭ ነው፣ ድብልብል ያለ፤ እግሩን ከፍቶ ተቀምጧል። የከንፈሩ ጫፍና ጫፍ ወደ ታች ወርዶ ሊያለቅስ የደረሰ ይመስላል።

ሂባ ጽሑፉን እያነበበች ተረጎመችልን። “ማሚ፣ ለምን እንደሠሩት ማንም አያውቅም። አንዳንዱ ኪንግ ነው ይላል፣ አንዳንዱ የዝናብ አምላክ። ሜይቢ ደግሞ የሞተ ቤቢ። ውስጡ ኢምፕቲ ነው፣ ባዶ።”

“እማማ፣ ከጠዋት ጀምሮ አልተንቀሳቀሰም” አልኩ።

“አታሟርቺ” ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ ክንዴን ጨምድደው ያዙ። “ታዲያ እስካሁን ምን ይዘጋሻል?” ብለው ሲጮኹ የአዳራሹ ሰው ሁሉ ዞረ። “ሂባ፣ ታክሲ ጥሪ!”

ሐኪም ቤት

ነርሷ ሆዴን ቅባት ቀብታ ማሽኑን አዞረች፣ አሁንም አዞረች። እኔ ትንፋሼን ውጬ ጣራውን አያለሁ። በመጨረሻ ድው ድው ድው የሚል ድምፅ ክፍሉን ሞላው። አልሐምዱሊላህ! እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ነርሷ ግን ቆጣ አለች፤ “ሁለተኛ እንዲህ ሲሆን ወዲያው ደውዪ” አለችኝ።

ወደ ቤት

ጀማል ከሥራ በርሮ መጥቶ ወሰደን። መንገዱን ሙሉ እማማ ዓይናቸውን ከሆዴ ላይ አልነቀሉም። እኔም ከዚህ ጉዞ የተማርኩትን በሆዴ እያብላላሁ ነበር፤ ከእንግዲህ የፈራሁትን ቶሎ እናገራለሁ። ደጃችን ላይ ጀማል ሞተሩን ሲያጠፋ እማማ ድንገት አፋቸውን ከፈቱ።

“እኔም አንዱ ሆዴ ውስጥ እያለ እንዲህ ጸጥ ብሎብኝ ነበር። አሟርትበታለሁ ብዬ ለማንም ሳልናገር ቀረሁ።”

ጀማል ወደ ኋላ ዞረ። “እማ፣ የማንን ነው የምታወሪው?”

“የታላቅ ወንድምህን። ይማም ልለው ነበር።”

ጀማል የመኪናውን በር ከፍቶ ነበር፤ መልሶ ዘጋውና “ንገሪኝ” አላቸው።