ድምፅ የማይሰማበት ክፍል

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ጠርቶ፣ እናቷ ሥራ ስለያዛት እኔ ሄድኩ። ወጣቷ መምህርት ልጆቹ ዓመቱን ምን እንደሚማሩና ከእኛ ምን እንደሚጠበቅ በግድግዳው ላይ በምስል እያሳየች አስረዳችን። ስትጨርስ "ጥያቄ አላችሁ?" አለች። ማንም አልጠየቀም። ራሳችንን ነቅንቀን ተነሳን። ወደ ቤት ስመለስ ታክሲ ውስጥ የማስበው ግን የወሎዋን መካነ ሰላም ነበር፤ ጥያቄ የማያልቅባቸው ወላጆች ፊት የቆምኩበትን ቀን።

ዘመኑ የደርግ ነው። ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ መምህር ሆኜ እዚያ ተመደብኩና ከደሴ በጭነት መኪና ጋቢና ተሳፍሬ ሄድኩ። የመንገዱ ብርድ ከንፈሬን ሰነጣጥቆት ስለነበር ለዳይሬክተሩ ስሜን የነገርኩት በነጠላዬ አፌን ሸፍኜ ነው። ብርዱ ባይኖርም ሳልሸፍነው የምቀር አይመስለኝም። ዓይነ አፋር ነበርኩ፤ ሰው ሲበዛ ድምፄ ጉሮሮዬ ውስጥ ይቀራል። ከልጆች ጋር ግን ይህ ችግር የለብኝም። መምህር ጎድሎ ሁለተኛ ክፍል ሲሰጠኝ በልቤ ደስ አለኝ።

ልጆቹ ንቁ ነበሩ። ብቻ ንባባቸው ሁሉ የቃል ነው። አንዱን ገጽ ከላይ እስከ ታች በዜማ ይወርዱታል፤ ከመሐል አንዲት ቃል ነጥዬ ስጠይቃቸው ግን ከመጀመሪያው ካልተነሱ አያገኟትም። ስለዚህ በየቀኑ ጥቂት ጊዜ ድምፅ ሳያሰሙ፣ በዓይናቸው ብቻ እንዲያነቡ አለማመድኳቸው።

ጣጣው የመጣው ከዚህ ነው። በዚያ አገር ትምህርት በጆሮ የሚታወቅ ነገር ነበር። የኔታ ዘንድ ፊደል የሚቆጥሩት፣ ሼሁ ዘንድ ቁርአን እያነበቡ የሚቀሩት ደረሶች ድምፃቸው ከአጥር ያልፋል፤ መንገደኛ ወላጅ ቆም ብሎ የልጁን ድምፅ ከመሐል ይለይና ረክቶ መንገዱን ይቀጥላል። ድምፅ ከጠፋ ወይ መምህሩ የለም ወይ ልጆቹ ተኝተዋል። የእኔ ክፍል ደግሞ ከገበያው መንገድ ዳር ናት። ብዙ ሳይቆይ "አዲሷ መምህርት ልጆቹን ዝም አሰኝታ ታውላቸዋለች" የሚል ወሬ ገበያውን ሞላው።

ከሁሉ ያስጨነቀኝ የሼህ እንድሪስ ነገር ነበር። ቁርአን የሚያቀሩ፣ ቃላቸው የሚሰማ ሰው ናቸው፤ ልጃቸው ሉባባ የእኔ ተማሪ ነበረች። ከትምህርት ሊያስቀሯት መሆናቸውን ሰማሁ። እሷ ከቀረች የሰፈሩ ሴቶች ልጆች ሁሉ ተከትለዋት እንደሚወጡ ገባኝ። ለዳይሬክተሩ ብነግረው "ወላጆቹን ጥሪያቸውና ትምህርቱን አስረጂያቸው" አለኝ። ቀላል ነገር ያዘዘኝ መስሎት ነበር።

ከመስቀል በኋላ፣ የባቄላ እሸት በደረሰበት ሰሞን፣ አንድ እሁድ መጡ። ትልልቆቹ ሰዎች በልጆቹ ዴስክ ላይ ጉልበታቸው አገጫቸውን እስኪነካ ተጣብቀው ተቀመጡ። የልጅ ልጃቸው ተማሪዬ የሆነው የኔታ ወልደ ሐና ከሼህ እንድሪስ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ሆነው፣ ከጋቢያቸው ጫፍ እሸት እያወጡ እየፈለፈሉ ያካፍሏቸዋል። ሉባባ ከአባቷ ጎን ቆማለች።

ከመምህሩ መምሪያ አሳጥሬ የጻፍኩትን ማንበብ ጀመርኩ። "የሁለተኛ ክፍል ትምህርት ዓላማ..." ከዚያ በኋላ ያለውን እኔም በደንብ አልሰማሁትም።

"ኧረ አልሰማንም!" አለች ከኋላ አንዲት እናት። "እቴ፣ መምህርቷ ራሷም በዓይን ነው እንዴ የምትናገረው?"

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ሼህ እንድሪስ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱና ሳቁን በእጃቸው አበረዱት።

"መምህርት ልጄ፣ አትቀየሚኝ። በዚህ ሳልፍ ጆሮዬን እጥላለሁ፤ ወላሂ የዝንብ ድምፅ እንኳ የለም። እኔም አስተማሪ ነኝ። ደረሳዬ ዝም ካለ አልቀራም ማለት ነው።"

"የአንተ ደረሳማ ዝም ቢል በወደድኩ" አሉ የኔታ፤ "ጩኸቱ እኔ ቤት ድረስ እንቅልፍ ይነሳኛል።"

"የአንተዎቹስ? ዶሮ ሳይቀድማቸው አይደል የሚነሱት!"

ሰዉ እንደገና ሲስቅ ሼሁ ግን ከእኔ ላይ ዓይናቸውን አላነሱም። "ሉባባን ካንቺ ዘንድ ልተዋት ወይስ ልውሰዳት? እሱን ንገሪኝ።"

ፊታቸውን ላለማየት ብዬ ወደ ጥቁር ሰሌዳው ዞርኩ። ጠመኔ ሳነሳ ምን እንደምጽፍ አላውቅም ነበር። "ሉባባ፣ ለአባትሽ ውሃ አምጪላቸው" ብዬ ጻፍኩ።

ሉባባ ሰሌዳውን አየች፤ ከንፈሯ አልተንቀሳቀሰም። ወዲያው ሮጣ ወጣች።

"ወዴት ነው? ማን ፈቀደላት?" አሉ አባቷ። የዓረብኛውን እንጂ የግዕዙን ፊደል አያውቁም። ሉባባ ውሃ የሞላ ጣሳ በሁለት እጇ ይዛ ተመለሰችና አቀረበችላቸው።

"ማን አዘዘሽ?"

በጣቷ ሰሌዳውን አሳየቻቸው።

ሼሁ ጣሳውን እንደያዙ ወደ እኔ ዞሩ። "አስቀድመሽ ነግረሻት ይሆናላ" አሉኝ። ሊያዋርዱኝ አልነበረም፤ ማወቅ ፈልገው ነው። የኔታ ያን ጊዜ እሸታቸውን ዴስኩ ላይ አፈሰሱና መጥተው ጠመኔውን ከእጄ ተቀበሉኝ። በዚያ በሚያምር የብራና ጸሐፊ እጃቸው "የአባትሽን ከዘራ ወስደሽ ደብቂ" ብለው ጻፉ። በመሠረተ ትምህርት ማንበብ የለመዱት ወላጆች አንድ በአንድ አፋቸውን ይዘው መሳቅ ጀመሩ።

ሉባባ አነበበች። ትከሻዋ በሳቅ ተነቀነቀ። አባቷን አየች፣ ከዘራውን አየች፤ ከቆመችበት ግን ንቅንቅ አላለችም።

"ምን ይላል?" አሉ ሼሁ።

"ከዘራዎን ወስደሽ ደብቂ ይላል፣ አባባ።"

"ታዲያ ለምን አልደበቅሽውም?"

"እግርዎን ያምዎት የለ?"

ሼህ እንድሪስ ቀስ ብለው ተቀመጡና ውሃውን ጠጡ። ከዚያ ወደ ወላጆቹ ዞረው የተናገሩት ዛሬም በጆሮዬ አለ። "የእኔ ደረሳ የሰጠሁትን ይመልስልኛል፤ ያም ደግ ነው። ይቺ ግን አንብባ አሰበችበት። ልጆቹ አይማሩም ብዬ በገበያ ያወራሁት እኔ ነኝ፤ ባወራሁበት አፍ እመልሰዋለሁ። አብሽሪ መምህርት፣ አይዞሽ። ብቻ ጠዋት ጠዋት ትንሽ አስጩሂያቸው፤ ስናልፍ ልጆቻችንን እንስማቸው እንጂ።"

"ኢንሻአላህ" አልኩ ሳላስበው። የኔታ እንኳ ሳቁ።

ከዚያ ጥያቄው ወረደብኝ። ሒሳቡስ? በአጨዳ ጊዜ ቢቀሩስ? እቤት በኩራዝ ምን እናስጠናቸው? ለእያንዳንዱ መለስኩ፤ ድምፄ መቼ እንደወጣ አላስታውስም። ሲለያዩ ያቺ ያሳቀችብኝ እናት ነጠላዬን እሸት ሞላችልኝ።

ሉባባ እኔ እስክዛወር ድረስ ተማሪዬ ነበረች። ሼህ እንድሪስም በዚያ መንገድ ሲያልፉ በጩኸት የሚነጋገሩ ገበያተኞችን "ቀስ በሉ፣ ልጆቹ ሥራ ላይ ናቸው" እያሉ ሲገስጹ በመስኮት እሰማቸው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ክፍል አስተምሬ፣ ብዙ ወላጅ አነጋግሬያለሁ። ገና ስናገር የተስማሙኝ አብዛኞቹ ዳግመኛ አልመጡም። እንደ ሼህ እንድሪስ ቆመው የተሟገቱኝ ግን ይመላለሱ ነበር፤ ዓይናቸው ያየውን በሰው ፊት ለማመን የማያፍሩም እነሱ ነበሩ። ወላጅ ሲሞግተኝ መፍራቴን አልተውኩም፤ ዓይነ አፋርነት እንዲህ በቀላሉ አይለቅም። ግን ሙግቱ ስለ ልጁ እንጂ ስለ እኔ እንዳልሆነ ስለማውቅ፣ እየፈራሁም ወንበር ስቤ አስቀምጠው ነበር።