ለቅልቄ የማልረግጠው አውድማ

የእበት ሽታ ዛሬም ድንገት ያገኘኛል፤ ከአንዱ አጥር ጥግ ሲነሣ፣ ሳላስበው እጄን ቀሚሴ ላይ እጠርጋለሁ።

በሸዋሮቢት ቆላ፣ ዝናቡ አባርቶ ማሽላው መቅላት ሲጀምር፣ አውድማ መለቅለቅ የእኔ ድርሻ ነበር። ትኩሱን እበት ከበረት ተሸክሜ፣ በውሃ አቅጥኜ፣ ተንበርክኬ በመዳፌ እየዳበስኩ መሬቱን አለሰልስ ነበር። ዝንቡ ከአፌ ዳር አይጠፋም፤ ጥፍሬ ሥር የገባው ለሳምንት አይለቅም፤ የጎረስኩት ሁሉ እሱኑ ይሸተኝ ነበር።

ትምህርት ቤት አስገባኝ ብዬ አባቴን በለመንኩት ቁጥር፣ «ሥራው ጋብ ይበል» ይለኝ ነበር። አውድማው ደርቆ ሲያበራ ሥራዬን ጨረስኩ ብዬ ስቀርበው ደግሞ፣ «እሱ ዝግጅት ነው እንጂ፣ ሥራ መች ሆነ?» ብሎ ከታናሽ ወንድሜ ከሰይድ ጋር ይሥቅብኝ ነበር።

ኅዳር ላይ እህሉ ሲገባ ሴት አውድማ አትረግጥም፣ በረካው ይሸሻል ይባላል። ወንዶቹ የሚጠጡትን ውሃ ዳር አስቀምጬ እመለስ ነበር። በሬዎቹ እየዞሩ ሲሸኑበት ግን በረካው አይሸሽም። በጋው ሲመጣ ደግሞ ጎተራውን በጭቃ መምረግ የእኔ ነበር፤ እሱም ዝግጅት ነው። አሥራ አራት ዓመት ሲሞላኝ፣ መስከረም ላይ እናቴ «የዘንድሮውን እኔ እለቀልቀዋለሁ፣ ሂጂ» ብላ አንደኛ ክፍል አስገባችኝ።

ከዓመታት በኋላ የእንግሊዝኛ መምህራችን «ፕሪፓሬሽን» እና «ግራውንድወርክ» ብሎ ጻፈና፣ ሁለቱም ያው ዝግጅት ናቸው አለን። መዝገበ ቃላት ሳገላብጥ የምውል ነበርኩና እጄን አወጣሁ። «አንድ አይደሉም። በመጀመሪያው ሰው ራሱ ለሚገባበት ነገር ይሰናዳል፤ ሁለተኛው ግን ሌላው የሚቆምበትን መሠረት መጣል ነው» አልኩት። በዕድሜ የምበልጣቸው ልጆች «እትዬ ደግሞ ጀመረች» ብለው ሣቁ። መምህሩ ዞሮ «ግራውንድወርክ» የሚለውን ከሰሌዳው አጠፋው።

አምና ሰይድን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። አሁን እበት የለም፤ ሸራ ተነጥፎ በመኪና ይወቃል። ሸራውን አጥባ ያነጠፈችው ልጁ ዘሃራ፣ እጇ እንደረጠበ ጠርዙ ላይ ቆማለች። አንድ እግሬን ሳስገባ ሰይድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እትዬ፣ እዚያው ዳር ሁኚ፤ በረካው እንዳይሸሽ» አለኝ።

የዘሃራን እጅ ይዤ ሸራው መሐል ገብተን ቆምን። ያኔ የሚያስጠላኝ ነገር ጥፍሬ ሥር ስለነበር አጥበው ነበር፤ ያን ቀን ያስጠላኝ የሰይድ ቃል ግን ሽታም የለው፣ ታጥቦም አይለቅ።