የቆላን ፀሐይ ያላየ መጽሐፍ

አሁን የምኖረው ሰመራ፣ ልጄ ቤት ነው። እሷ የመንግሥት ሠራተኛ ናት። አልፎ አልፎ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አዲስ መንፈሳዊ መጽሐፍ ገዝታ ታመጣልኛለች። አንዱ ስለ ነገረ መለኮት ነው፣ ሌላው ስለ ትዳር፣ ሌላው ስለ ቁጣ። ሽፋናቸው ያምራል። ከሥራ ስትመለስ «አባዬ፣ እንዴት ነው? ጥሩ ነው?» ትለኛለች። «ገና አልኖርኩበትም» እላታለሁ። ትስቃለች፤ የቀለድኩ ይመስላታል።

ቀልድ አይደለም። እኛ መጽሐፍ የምንመዝነው እንደዚያ ነበር።

ያን ጊዜ ሰመራ የምትባል ከተማ የለችም፤ ጥቁር ድንጋይና ንፋስ ነበር። እኔ የነበርኩት አዋሽ፣ ምድር ባቡር ነው። ዘመኑ በስድሳዎቹ መጀመሪያ፣ በጃንሆይ ጊዜ ነው። የጥጥ እርሻው ወንዙን ተከትሎ ወደ ታች ይሰፋል፤ የደጋው ሰው በባቡርም በመኪናም እየጎረፈ ይመጣል። ሥራዬ የሐዲድ ጥገና ነበር። ትምህርቴ ዳዊት እስከ መድገም ነው፤ ከዚያ አልዘለቀም።

የሚካኤል ማኅበር ነበረን፤ አብዛኞቻችን የጣቢያው ሠራተኞች ነን። ከአዲስ አበባ በባቡር አዳዲስ መጻሕፍት ይመጡልን ነበር። የማኅበሩ ሣጥን ውስጥ ከመግባታቸው በፊት ግን ይፈተናሉ። ጽዋውን የተረከበ ሰው መጽሐፉንም ይረከባል፤ እስከሚቀጥለው ወር በመጽሐፉ ቃል ይኖራል፤ ከዚያ በሁሉ ፊት ይናገራል። ይህን ሥርዓት ያወጡልን የንስሐ አባታችን ናቸው። «ጫማ ጥሩ መሆኑ በቁም አይታወቅም፤ ሂዱበት» ይሉናል።

ስለ ምላስ መቆጠብ የተጻፈው መጽሐፍ የደረሰው የጣቢያው ጸሐፊ ወሩን ሙሉ ዝም አለ። ሚስቱ አንዳች ነገር ያዘው ብላ ጠበል ልትወስደው ተነሣች። መጽሐፉ ጥሩ ነው ተባለ፤ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ግን «ለባለትዳር በልክ» ተብሎ ተጻፈበት። አንድ ወፍራም የሥላሴ ምሥጢር መጽሐፍ ደግሞ መጣና እንዴት እንደምንኖርበት ጨነቀን። አባ ትንሽ አሰቡና «ሦስት ሆናችሁ አንድ ሥራ ሳትጣሉ ሥሩ፤ ከዚያ ትንሽ ይገባችኋል» አሉን። ሳንጣላ አንድ ሳምንት እንኳ አልሞላንም።

በዐቢይ ጾም መግቢያ ተራው የእኔ ሆነ። መጽሐፉ ስለ ጾም ነው። አማርኛው ይጣፍጣል፣ ጸሐፊውም የተማረ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የውሃ ጠብታ እንኳ አፍ አይግባ፣ ሥራ ይከብደኛል ማለት የሆድ ምክንያት ነው ይላል። አባ ለእኛ ለሐዲድ ሠራተኞች ውሃ ፈቅደውልን ነበር። እኔ ግን ፈታኝ አይደለሁ? ለማንም ሳልናገር ፈቃዱን ተውኩት።

እውነቱን ለመናገር ሌላም ምክንያት ነበረኝ። ባቡር ሲገባ ሐዲድ የሚያዞር አንድ ወዳጅ ነበረኝ። ልጅ አልቆምለት ብሎ ሦስት ቀብሯል። በዚያ ሰሞን ወንድ ልጅ ተወለደለት። እኔ ቤት መጣና «ክርስትና የምታነሣልኝ አንተ ነህ። ካንተ ሌላ ንጹሕ ሰው አላውቅም» አለኝ። ይህን ቃል ሰምቼ እንዴት ውሃ ልጠጣ?

ሦስተኛው ሳምንት ላይ፣ ከጓደኞቼ ቀድሜ የላላ ብሎን እያጠበቅሁ ስሄድ፣ ሐዲዱ እንደ ወንዝ ሲንቀሳቀስ አየሁት። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው የግራር ጥላ ነው። አንድ አፋር ሽማግሌ ራሴን ደግፎ፣ ጢስ ጢስ ከሚሸት የሰሌን ዕቃ ወተት አፌ ላይ ያፈስልኛል። የግመል ወተት ነው። ለእኛ ለክርስቲያኖች የጾም ቀን ባይሆን እንኳ ነውር ነው።

«ውሃ ሐራም ነው ለናንተ?» አለኝ። አማርኛውን ከጣቢያው ነው የለቀመው።

«ጾም ነው።»

«እኛም እንጾማለን። መንገደኛ፣ በሽተኛ፣ ሌላ ቀን ይከፍላል። የናንተ አላህ አይጠብቅም?»

«ግመሎችህ እዚህ ምን ያደርጋሉ?» አልኩት፣ ወሬ ለማስቀየር።

«ወንዙ ዳር ጥጥ ሆነ። ግመሎቼ ጥጥ አይለብሱ» አለና ሳቀ። ሳቁ ደረቅ ነበር።

የመጀመሪያው ወተት በግድ የገባ ነው። በዚህ ጊዜ ግን ነፍሴ ተመልሳለች። ዕቃውን አየሁት። «ጨምርልኝ» አልኩ። ጨመረልኝ፤ ጠጣሁት።

ጓደኞቼ በእጅ በሚገፋው ጋሪ ደረሱ። አለቃችን ካቦው ደንግጦ «ምን ሰጠህ?» አለኝ።

አፌን በክንዴ ጠረግሁና «ውሃ» አልኩ።

ሽማግሌው ቀና ብሎ አየኝ። ዕቃውን ከድኖ ወደ ግመሎቹ ሄደ።

የሚካኤል ዕለት ከሰዓት በኋላ ተሰበሰብን። ወዳጄ አጠገቤ ተቀምጧል። «ለልጄ ክርስትና አባት ንፍሮ አቅርቡለት እንጂ!» እያለ ይጫወታል። ልጁ አርባ ቀን ሊሞላው ዐሥር ቀን ቀርቶታል።

«እህ፣ እንዴት ኖርክበት?» አሉኝ አባ።

«መጽሐፉ መጥፎ ነው አባ። የኛን ፀሐይ አያውቅም። ጣለኝ።»

ካቦው መሰከረልኝ። «እውነቱን ነው፣ ያ አፋር ውሃ ባያጠጣው ሞቶ ነበር።»

እዚያ ላይ ሊያበቃ ይችል ነበር። ወዳጄ ግን «ተመስገን፣ ተረፍክልኝ» ብሎ እጄን ጭብጥ አደረገው። መቻል አቃተኝ።

«ውሃ አይደለም፤ ወተት ነው» አልኩ።

«የፍየል?» አለ የጣቢያው ጸሐፊ።

«የግመል።»

«በስመ አብ!» አለ አንዱ። አባ እጃቸውን አነሡ። «ተው፣ ይህ ለእኔ ጆሮ ነው፤ በኋላ ትነግረኛለህ።»

«መጽሐፍ የሚመዘነው በሁሉ ፊት ነው አባ። የመጀመሪያውን ራሴን ሳላውቅ አፈሰሰልኝ። ሁለተኛውን ለምኜ ነው የጠጣሁት።»

ወዳጄ እጄን ለቀቀ።

«ጣፈጠህ እንዴ?» አለ ካቦው። ጥቂቶች ሳቁ።

«እንደዚያ የጣፈጠኝ ነገር የለም» አልኩ። ምን ልበል? እውነት ነው።

አባ አልሳቁም። «ስለ ወተቱ ጠበል እረጭሃለሁ፤ የታመመ ሰው ነህ። ጥፋቱም ግማሹ የመጽሐፉ ነው። ውሃ ነው ያልከውን ግን ማን አስተማረህ? መጽሐፉ?»

«አይደለም አባ።»

«ሰውዬው ይሰማህ ነበር?»

«ይሰማኝ ነበር።»

«እንግዲያ ንስሐህ እሱ ዘንድ ነው፤ ሂድ።» ከዚያ ጸሐፊውን አዘዙትና የመጽሐፉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ «ለደጋ ሰው መልካም። ቆላ ያለ አባቱን ይጠይቅ» ብሎ ጻፈ። መጽሐፉ ሣጥን ገባ። ወዳጄ ጋቢውን ሰብስቦ ወጣ።

ሽማግሌውን ለማግኘት ሁለት ቀን ፈጀብኝ። አፋር ወሬ አይጠፋበትምና ገበያ ላይ ጠይቄ ደረስኩበት። ሻይ ቅጠልና ስኳር ይዣለሁ። ገና ከሩቅ ሲያየኝ «ውሃው ተስማማህ?» አለኝ።

«ወተት ነበር» አልኩ፣ መሬት መሬት እያየሁ።

«አውቃለሁ። ግመሏም ታውቃለች። ያላወቅከው አንተ ብቻ ነህ።» ትከሻዬን መታ አድርጎ አስቀመጠኝ። ስኳሩን ተቀበለኝ። ወተት አላቀረበልኝም፤ ጾሙ አለመፈታቱን ያውቃል። ውሃ ቀድቶ ሰጠኝ፣ እሱን ጠጣሁ።

ወዳጄ ግን በእነዚያ ቀኖች ጣቢያው ላይ ስንገናኝ ፊቱን ወደ ሐዲዱ ያዞራል። አልፈረድኩበትም። ሦስት ልጅ የቀበረ ሰው አራተኛውን ለማን እንደሚያስይዝ መጠንቀቁ ያባት ነው።

የክርስትናው ዕለት ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ፤ ከኋላ፣ ከግድግዳው ሥር ቆምኩ። ወዳጄ ልጁን ታቅፎ ገባ። ዞር ዞር ብሎ ፈለገና ወደ እኔ መጣ።

«ምን ትገተራለህ እዚህ?»

«ሌላ ሰው የያዝክ መስሎኝ።»

«ፈልጌ ነበር» አለ፣ ሳያየኝ። «የጠየቅሁት ሁሉ ንጹሕ ነኝ አለኝ። ሌሊት የልጁን እናት አማከርኳት። ልጃችንን ለማይሳሳት ሰው ብንሰጠው፣ የተሳሳተ ዕለት ማን ጋ ይሄዳል? አለችኝ። በል ነጠላህን ዘርጋ። አንገቱን ደግፈህ፣ እንደ ብረት እንዳትይዘው!»

ልጁ ከጠበሉ ሲወጣ የጣቢያውን ፉጨት የሚያስንቅ ጩኸት ጮኸ። እርጥብ እንደሆነ ተቀበልኩት፣ ደረቴ ላይ ለጠፍኩት። ልቡ እንደ ወፍ ይመታል። ወዳጄ አጠገቤ ቆሞ የነጠላውን ጫፍ እያስተካከለ እግሩን ሸፈነለት። እየቆየ ለቅሶው ቀነሰ።