በጌጫ ቁልቁለት የበላሁት ጎደሬ

ባለፈው ሳምንት ከጌጫ ወደ ቴፒ በሚኒባስ ስወርድ አጠገቤ የተቀመጠች ወጣት ጫካውን በመስኮት እያየች፣ «እንዴት ያምራል! ግን እዚህ ውስጥ ሰው ምን በልቶ ይኖራል?» አለችኝ። ለሥራ ተመድባ ገና መምጣቷ እንደሆነ ከጓዟ ብዛት ያስታውቃል። «ትደርሺበታለሽ» ብያት ሳልጨርስ መኪናው አንድ ኩርባ ዞረ። ቦታውን አወቅሁት። አስፋልት ከገባ ወዲህ ሾፌሮች ያን ኩርባ ፍሬን ሳይነኩ ነው የሚያልፉት። ዱሮ ግን እኔን እዚያ አሳድሮኛል።

ሰማንያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ደብረ ማርቆስ ተወልጄ ያደግሁ፣ ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደወጣሁ ጌጫ የተመደብኩ አስተማሪ ነበርኩ። ባለቤቴ ጌታሁን እዚያው ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምር ነበር፤ የተዋወቅነውም የተጋባነውም ጌጫ ነው። እሱ ሚዛን ተፈሪ ስላደገ ጎረቤት የሰጠውን ሁሉ ይበላል፣ ቆጮም ይሁን ጎደሬ የሚሉት ሥር አይመርጥም። እኔ ከእንጀራና እናቴ ከምትልክልኝ ሽሮ አልወጣም ነበር። ጤፍ እዚያ ደጋ ድረስ ከሩቅ ነው የሚመጣው፤ ዝናብ መንገዱን ሲያበላሸው ደግሞ ጨርሶ ይጠፋል። ቢሆንም ሌላ ነገር መብላት አይታሰበኝም። ንቀት አልነበረም። የሌላው ሰው ምግብ ለኔም ምግብ ሊሆን እንደሚችል በቃ አይታየኝም ነበር።

ሳረግዝ ሁሉ ነገር ተገለበጠብኝ። ያ ስሳሳለት የኖርኩት እንጀራ ጠላቴ ሆነ። የሊጥ ሽታ ከሩቅ ሲመጣብኝ አፌን ይዤ ወደ ጓሮ እሮጣለሁ። ጎረቤት ሽንኩርት ካቁላላ እኔ ቤቴ ሆኜ ያጥወለውለኛል። በሶም ሞከርኩ፣ አጥሚትም ሞከርኩ፤ ውሃ እንኳ አልረጋልኝ አለ። ሰዎች «ሦስት ወር ሲሞላሽ ይተውሻል» ሲሉኝ ነበር፤ አምስተኛውን ይዤም አልተወኝም። ከዚያ በፊት አንድ ፅንስ ወርዶብኝ ስለነበር እኔና ጌታሁን ስለዚህኛው ጮክ ብለን አናወራም። ስም አላወጣንም፤ ጨርቅም አልገዛንም።

አንድ ቀን የጤና ጣቢያዋ ነርስ ክንዴን ይዛ አየችና ጌታሁንን ወደ ጎን ጠራችው። ብታንሾካሹክም ሰምቻታለሁ። «ሚዛን ሆስፒታል ውሰዳት። ዛሬ ነገ አትበል።»

በማግስቱ ድንች በጫነ አይሱዙ ጋቢና ገብተን በቴፒ በኩል ወረድን። ወሩ ሰኔ ነው፤ ጭጋጉ ዛፎቹን እስከ ወገባቸው ውጧቸዋል። ሾፌሩ ነስሩ የሚባል የጅማ ሰው ነበር። ሽታው እንዳይረብሸኝ ብሎ ሲጋራውን ሳይለኩስ ጆሮው ላይ ሰክቶ ነዳ። ጉድጓድ ሲያጋጥመው «አይዞሽ እህቴ፣ ያዝ አድርጊ» ይለኛል። ቁልቁለቱን ከጀመርን ብዙም ሳንሄድ እዚያች ኩርባ ላይ መኪናውን አቆመና ወረደ። ሲመለስ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነበር።

«ተንዷል» አለ። «አፈሩም ዛፉም አንድ ላይ መጥቶ መንገዱ ላይ ተኝቷል። በአካፋ ካልተጠረገ አያሳልፍም። ሰው ልጥራ፤ ግን ለዛሬ የሚደርስ አይመስለኝም።»

ጌታሁን እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ። ወደ ኋላ እንዳንመለስ መኪናው እዚያ ጠባብ መንገድ ላይ አይዞርም። «ተሸክሜሽ እወርዳለሁ» አለኝ።

«እስከ የት?»

ነስሩ ከመንገዱ ከፍ ብሎ በእንሰት መሀል ወደሚጨስ አንድ ጎጆ ጠቆመንና፣ «እዚያ ትረፍ። ደግ ሰዎች ናቸው» አለ።

የቤቱ እመቤት እትዬ አየለች የሸካ ሴት ናት፤ በዕድሜ እናቴን ታክላለች። አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም። እኔን «ና፣ ግባ፣ ዝናብ በላህ» ስትለኝ ጌታሁንን ደግሞ «ተቀመጪ» አለችው። በዚያ ጭንቀት መሀል ጌታሁን ተሽኮርምሞ ሲቀመጥ ሳየው ሳቄ መጣ። ከሳቅሁ ስንት ጊዜዬ ነበር።

ምድጃው ላይ በኮባ ቅጠል የተከደነ ድስት ተጥዷል። እትዬ አየለች ቅጠሉን ገለጥ ስታደርገው እንፋሎቱ ወጣ። ዝናብ የነካው አፈር ዓይነት ሽታ ነበረው፤ ትንሽም እንደ ቆሎ ይላል። አፌ በምራቅ ሞላ። ደነገጥሁ፣ ምክንያቱም ያን ሰሞን ምራቅ ሲሞላኝ የሚከተለው ማስመለስ ነበር። ቆየሁ፤ አልመጣም። ራብ ነበር። ራብ ምን እንደሚመስል ረስቼው ነበር።

«እትዬ፣ እሱ ምንድን ነው?» አልኳት።

«ጎደሬ ነው። ለልጆች ነው እንጂ ለእንግዳ አይደለም። ለናንተ ዶሮ ይታረዳል።»

«ዶሮውን ይተዉት። ከሱ ይስጡኝ።»

ጌታሁን ዞሮ አየኝ። «ጎደሬ? አንቺ?»

«ጉሮሮ ይቧጥጣል ይባላል» አልኩ፤ እኔም ያልኩትን አላመንኩትም ነበርና።

«እሱ ጥሬ ሲሆን ነው» አለች እትዬ አየለች። «ይሄ በደንብ በስሏል። ቀስ ብለህ ብላ፣ ልጄ።»

አንዱን አነሳችልኝ። ልጣጩ በጣት ሲነካ እንደ ካልሲ ወለቀ። ውስጡ አመድማ ነጭ ነው። ጨው ነካ አድርጌ ትንሽ ቆረስሁ። ዘይት የለው፣ ቅመም የለው፣ የሚኮመጥጥ ነገር የለው። አፌ ውስጥ ለስለስ ብሎ ወረደ።

ከዚያ ሁላችንም ጠበቅን። እትዬ አየለች ጎመን መቀንጠስ ጀመረች። ጌታሁን ዝናቡን የሚያይ መስሎ በሩ ላይ ቆመ፤ ጆሮው ግን እኔ ጋ ነበር። እኔም ትንፋሼን ውጬ ጠበቅሁ። ምንም የለም። ቀሪውን ጨረስኩና ሁለተኛ አነሳሁ። ጌታሁን ዞር ሲል ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «ጢሱ ነው» አለ። ምድጃው ላይ ግን ፍም ብቻ ነበር የቀረው።

የዚያን ቀን በልቼ ተኛሁ። ተነስቼ ደግሞ በላሁ። ጠዋት የአካባቢው ሰዎች ከነስሩ ጋር አካፋና ዶማ ይዘው አፈሩን ሲጠርጉ እኔ በራሴ እግር ወደ መኪናው ወረድሁ። እትዬ አየለች በኮባ የተጠቀለለ ትኩስ ጎደሬ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችልኝ። ወደ ቆላው ስንወርድ ጭጋጉ ገለጥ አለ፤ ሙቀት መጣ፤ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ቡናና ሙዝ ታየ። ከጋቢናው አንዴም ወርጄ ሳላስመልስ ቴፒ ገባሁ።

ሚዛን የመረመረኝ ሐኪም ሆዴ ላይ መስሚያውን አድርጎ ብዙ አዳመጠ። በመጨረሻ ቀና ብሎ፣ «ልቡ በደንብ ይመታል። ምን እየበላሽ ነው?» አለ።

«ጎደሬ።»

«ከተስማማሽ እሱኑ ብዪ። ሌላው ቀስ እያለ ይመጣል።»

ጌታሁን ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ሞልቶ ሳለ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። ከዚያ ወጥተን ገበያ ሄድንና ለመጀመሪያ ጊዜ የሕፃን ጨርቅ ገዛን።

ሴት ልጅ ተወለደች። እናቴ የገንፎ ዱቄቷን ተሸክማ ከማርቆስ ስትመጣ አራስ ልጇን ጎደሬ ስትበላ አገኘቻት። «ልጄን ሥር እያበሉ ሊገድሉብኝ ነው!» ብላ ጮኸች። ሦስት ቀን ካኮረፈች በኋላ ማንም የማያያት መስሏት ከድስቱ ስትቀምስ ያዝኳት። ሕፃኗን ክርስትና እንዳስነሣን አዝዬ ለእትዬ አየለች አሳየኋት። እሷም አገላብጣ አይታ፣ «ወፍሯል» አለች፤ ቀጥላም እየሳቀች፣ «ወፍራለች» ብላ አረመችው።

አሁን ጡረታ ወጥቼ ቴፒ ነው የምኖረው። ዘመዶቼ ከማርቆስ እየደወሉ «ለምን አገርሽ አትገቢም? እዚያ ማን አለሽ?» ይሉኛል። ባለቤቴን፣ ጎረቤቶቼን፣ ያስተማርኳቸውን ልጆች እየጠራሁ አስረዳቸዋለሁ። እውነቱ ግን ከዚያ ይቀድማል። እኔ የዚህ አገር ሰው ልሁን አልሁን ብዬ ዓመታት አመንትቻለሁ፤ ሆዴ ግን ሳያማክረኝ፣ በአንድ ከሰዓት ወስኖ ጨርሷል።